ያገለገለንን ውሻ በክብር ማስታወስ

የጦር ሠራዊት ውሻም ሆነ የቤት ውሻ ሲሞት አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው፣ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ስሙን፣ የኖረበትን ዘመንና ጠባዩን በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ በር ሲንኳኳ ጆሮውን እንዴት ያቆም እንደነበር ያለው ጥቃቅን ነገር ቶሎ ይረሳልና። ለሠራዊት ውሻ የተሰማራበትን ግዳጅና አብሮት የዘመተውን ወታደር ስም ይጨምሩ። የአንገት ማሰሪያውን ሳያጥቡ፣ ፀጉሩ እንደተጣበቀበት፣ በደረቅ ሣጥን ያኑሩት፤ ጠረኑ ከፎቶግራፍ ይበልጥ ያስታውሳል ብዬ አምናለሁ። የመታሰቢያ ድንጋይ የሚያቆሙ ከሆነ ከውዳሴ ቃላት ይልቅ ስሙን ያስቀድሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በጉዋም ደሴት ውጊያ ለሞቱት 25 የአሜሪካ ማሪን (ከባሕር ወደ የብስ የሚዘምት ጦር) ውሾች በ1994 የቆመው ሐውልት የእያንዳንዳቸውን ስም ይዟል። ልጆች ካሉ ከቀብሩ አይራቁ፤ «ተኝቷል» ብሎ ማታለልም አይገባም።