ማታ የቀለለ ቦርሳ ጠዋት ሲከብድ፦ ከደሴ አዲስ አበባ በአንድ የጀርባ ቦርሳ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሦስትና ለአራት ቀን ጉዳይ እየተመላለስሁ ስኖር ሻንጣ መያዝ ከተውሁ ቆይቻለሁ። ሻንጣ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ መናኸሪያ ሲደርሱ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ታክሲ ውስጥ የሰው ጉልበት ይገጫል። የጀርባ ቦርሳ እቅፍ ላይ ያርፋል፣ አለቀ። ነገር ግን አንድ ቦርሳም የራሱ ሕመም አለው። የገጠመኝን ከነመድኃኒቱ ልጻፈው።

ዚፑ አልገጥም ሲል

ጥፋቱ የልብስ ነው፤ ልብሱን የሚያበዛው ደግሞ መንገዱን መፍራት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ከደሴ ብርድ ተነስተው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 600 ሜትር ያህል ወርደዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሸሚዝ እንኳ ይከብዳል። ጥቂት ቆይቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተው ጥርስዎ ይንገጫገጫል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለቆላው አንድ፣ ለደጋው አንድ እያለ ይከትታል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ እንጂ ሁለት ዓይነት ልብስ አይደለም። ካናቴራ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይበቃል።

ለአራት ቀን እኔ የምይዘው ሁለት ሱሪ (አንዱ የለበስሁት ነው)፣ ከላይ የሚለበስ ሦስት፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ አራት አራት ነው። ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ሸሚዝ ቤት ይቀራል። ጂንስም እንዲሁ፤ ከታጠበ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ካልሲና ካናቴራ ግን ማታ ታጥቦ ለጠዋት ይደርሳል፤ ዘዴው ፎጣው ላይ ነው። የተጨመቀውን ልብስ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ፎጣውን ከነልብሱ እንደ ሰሌን ይጠቅልሉና በጉልበትዎ ይጫኑት። ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ በኋላ የሆቴሉ ወንበር መደገፊያ ለማስጫ ይበቃል።

ጋቢውስ? የሚል አይጠፋም። ጋቢ ከኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ግማሹን ይይዛል። ስለዚህ ትከሻ ላይ ይሂድ። ሸዋ ሮቢት ላይ ታጥፎ ትራስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተዘርግቶ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ማታ የቀለለው ጠዋት ሲከብድ

ይህ የወሎ ሰው ዋናው ሕመም ነው፤ የጉዞ ምክር የሚሰጡ ሰዎችም አያውቁትም። ማታ አምስት ኪሎ ያልሞላው ቦርሳዬ ጠዋት ዘጠኝ ሆኖ ያገኘሁት ጊዜ አለ። አራቱ ኪሎ የገባው በር ላይ ነው። እናቴ ቅቤውን በጣሳ አድርጋ፣ ጣሳውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በመቀነት ቁራጭ አስራ ይዛ ቆማለች። ለእህቴ ነው። «አብሽር የኔ ጌታ፣ ይቺ ምን ትከብድሃለች?» ከኋላዋ ጎረቤታችን እትዬ ማር ይዘው ይመጣሉ። ለልጃቸው ነው። እንቢ ማለት አይቻልም፤ አይገባምም።

መጀመሪያ የሞከርሁት የምሄድበትን ቀን መደበቅ ነበር። አልሠራም። ዘመድ በስልክ ከአዲስ አበባ ይነግርባችኋል። በኋላ የሠራልኝ ቦታውን አስቀድሞ ማሳየት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ቦርሳውን ከፍቼ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ ፌስታል ከላይ አኖርና «እማዬ፣ የእህቴ ቦታ ይቺ ናት» እላታለሁ። ቦታዋን ያየች እናት ራሷ ትመርጣለች፤ ብዙውን ጊዜ ቅቤውን ትታ በሶ ወይም ጭኮ ትሞላዋለች። በሶ ይቀላል፣ አይፈስም፣ መንገድ ላይም ያበላል (ለእህቴ ግን ይህን አልነግራትም)። ከዚያ የተረፈው ዕቃ ለብቻው በማዳበሪያ ታስሮ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል፤ ከቦርሳው ጋር አይቀላቀልም።

ቅባቱ ልብስ ላይ ፈሶ ሲገኝ

ክዳኑን በደንብ አላጠበቅሁም ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ጥፋተኛው ዳገቱ ነው። ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን በክዳኑ ሥር ይገፋዋል። ማየት ከፈለጉ ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አጥብቀው ይዝጉ፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጎኑ ተጨማድዶ ያገኙታል። ሲወጡ ደግሞ የዚያው ተቃራኒ ይሆናል።

ስለዚህ ብልቃጡን ጨመቅ አድርገው አየሩን ካስወጡ በኋላ ይዝጉ፤ ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ላስቲክ ያድርጉ፤ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ሻምፑን ትቶ ደረቅ ሳሙና መያዝ ደግሞ ጭቅጭቁን ከነጭራሹ ይገላግላል።

ቦርሳው ሳይከብድ ትከሻ ሲቆርጥ

ክብደቱ ከጀርባ ርቋል ማለት ነው። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባዎ አስጠግተው መሐል ላይ ያድርጉት፤ ልብሱ ከሥርና ከውጭ በኩል ይሁን። ከዚያ ማንገቻውን ያሳጥሩ። ቦርሳው መቀመጫ ላይ እየተንጠለጠለ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ጀርባውን የሚያመው ለዚህ ነው።

በአውሮፕላን ከሆነ

ከኮምቦልቻ የሚበር ሰው ችግሩ ሚዛን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ወደ ካቢን የሚፈቅደው አንድ የእጅ ሻንጣ ነው፤ ክብደቱም 7 ኪሎ። ባዶውን ቦርሳ መጀመሪያ ይመዝኑት፤ ወፍራም የሸራ ቦርሳ ብቻውን ከዚህ ብዙ ይበላል። እኔ ሰፈር ያለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ስቆ ይመዝንልኛል። ከባዱን ጫማና ጃኬት ይልበሱ። ፓወር ባንክ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ ከእርስዎ ጋር ይሁን። በረራው ወደ ውጭ አገር ከቀጠለ እያንዳንዱ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት፤ ማርም በዚህ ይቆጠራል። የእትዬን ማር ፍተሻ ላይ ጥሎ መሄድን የመሰለ ኃጢአት የለም።

መታወቂያ ሲፈለግ ቦርሳው ሁሉ የሚዘረገፍ ከሆነ

የደረት ኪስ። ሌላ ነገር የለውም።

ሲመለሱ

በሶው የነበረበት ቦታ አሁን ባዶ ነው፤ የአዲስ አበባ ዕቃ የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። ይህንንም ከመሄዴ በፊት ለሁሉም እናገራለሁ። ባለፈው አክስቴ ሰምታኝ «እሺ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለችኝ። ትንሿ ነገር ባለ ሁለት ሰው ብርድ ልብስ ሆና ተገኘች። ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭና ደሴ ገባች፤ ረዳቱ ሲያወርዳት «ሻንጣ የለኝም ያልኸው አንተ አልነበርህም?» አለኝ።