የሐዋሳን ሐይቅና ሰማዩን በአንድ ፎቶ ማንሳት፦ የግራጁዌትድ ፊልተር አጠቃቀም

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለተቆረቆረች ፀሐይ የምትጠልቀው ከውሃው ማዶ ነው። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሆኖ ለሚያነሳ ሰው ይህ ጸጋም ፈተናም ነው። ለሰማዩ ብርሃን ሲለኩ ጀልባውና ዓሣ አስጋሪው ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ፤ ለጀልባው ሲለኩ ደግሞ ያ ሁሉ የደመና ቀለም ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ግራጁዌትድ ኒውትራል ዴንሲቲ የሚባለው ፊልተር የተሠራው ለዚህ ነው። የላይኛው ግማሽ ጠቆር ያለ፣ የታችኛው ጥርት ያለ መስታወት ወይም ሬዚን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሲሆን የሰማዩን ብርሃን ብቻ ይቀንሳል። በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ የተመዘገበ ደመና ግን በማስተካከል አይመለስም።

የትኛውን ልግዛ?

በፊልተሩ ላይ 0.3 ተብሎ ከተጻፈ ብርሃኑን በአንድ ስቶፕ፣ 0.6 ከሆነ በሁለት፣ 0.9 ከሆነ በሦስት ስቶፕ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ስለሚቀንስ ባለ ሦስት ስቶፑ የሚያሳልፈው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። ከጥቁሩ ወደ ጥርቱ የሚሸጋገርበት መስመር ደረቅ (በአንዴ የሚቆረጥ) ወይም ለስላሳ (ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ) ሊሆን ይችላል። ለሜዳማ አድማስ ደረቁ ይመረጣል፤ የታቦር ተራራ ወይም የዛፍ ጫፍ በፎቶው ውስጥ ከገባ ግን ለስላሳው ይሻላል። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ባለ ሁለት ስቶፕ ለስላሳ ይግዙ። በሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘውን ክብ ዓይነት ይተዉት፤ መስመሩ መሃል ላይ ስለሚቆም አድማሱን የት እንደሚያስቀምጡ የሚወስንልዎ እሱ ይሆናል። 100 በ150 ሚሊ ሜትር የሆነው አራት ማዕዘን ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ይለኩ

ካሜራውን ማንዋል ላይ (ሁሉንም ራስዎ በሚወስኑበት) ያድርጉ፤ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11። ፊልተሩን ሳያስገቡ ካሜራውን ወደ ጀልባው ወይም ወደ ሣሩ አዙረው የሚሰጥዎትን የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ይያዙ። 1/15 ሰከንድ ነው እንበል። ቀጥሎ ፀሐይዋን ሳያካትቱ ሰማዩን ይለኩ፤ 1/250 ቢል ልዩነቱ አራት ስቶፕ ነው። አራቱንም ለማጥፋት አይሞክሩ። ባለ ሦስት ስቶፑን አስገብተው በ1/15 ያንሱ፤ ሰማዩ በአንድ ስቶፕ ደምቆ ይቅር።

ለምን ቢባል ምክንያቱ ውሃው ነው። ውሃ የሚያርፍበትን ብርሃን ሁሉ አይመልስም፤ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ የሚታየው የደመና ነጸብራቅ ከራሱ ከደመናው ሁልጊዜ ይደበዝዛል፤ ወደ እግርዎ በቀረበ መጠንም ይበልጥ ይጨልማል። ፊልተሩ ሲበረታ ነገሩ ይገለበጥና ውሃው ከሰማዩ በልጦ ይደምቃል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ፎቶው ሐሰት መሆኑ ይሰማዋል። ሐይቁ ረግቶ እንደ መስታወት በሚሆንበት ሰዓት ታዲያ ከጀልባው ይልቅ ነጸብራቁን ለክተው ከሰማዩ ጋር ያነጻጽሩ፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ስቶፕ ፊልተር ይበቃል። ካነሱ በኋላም በስክሪኑ ላይ አንዱን ደመና ከነጸብራቁ ጋር ያስተያዩ። ነጸብራቁ ከደመቀ ደካማውን ፊልተር ይጠቀሙ።

መስመሩን አድማሱ ላይ ማሳረፍ

በቪውፋይንደሩ (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) እያዩ ፊልተሩን ቀስ ብለው ወደ ታች ያንሸራትቱ። ዝም ብሎ የቆመ መስመር ለዓይን አይያዝም፤ ሲንቀሳቀስ ግን ይታያል። ከልክ በላይ ከወረደ የሩቁ ውሃ የጠቆረ ቀበቶ የታሰረበት ይመስላል፤ ካልደረሰ ደግሞ ከማዶው ኮረብታ በላይ የነጣ ሰንበር ይቀራል። ሰፊ እይታ በሚይዝ ሌንስ መስመሩ ጎልቶ ይታያል፤ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ደግሞ ተበትኖ ለስላሳው ፊልተር መኖሩ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ለረጅም ሌንስ ደረቁን ይጠቀሙ።

በእጅ ይዞ ማንሳት

ጀልባና ሰው ስለማይጠብቁ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ዘርግቶ መቆም ብዙም አይጠቅምም። ፊልተሩን በግራ እጅ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ጫፍና ጫፉን ይዘው ከሌንሱ አፍ ጋር ያጣብቁት፤ ክፍተት ከተፈጠረ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ገብቶ ያንጸባርቃል። የቀሩት ጣቶች ሌንሱን ከታች ይደግፉ። ክርንዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ ዛፍ ካለ ይደገፉ። አይ ኤስ ኦውን ከ100 ወደ 800 ሲያሳድጉ 1/15 የነበረው 1/125 ይሆናል፤ ይህ እጅ ይችለዋል። ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲያነሱ ፀሐይ ከኋላዎ ስለሆነች ልዩነቱ ይጠባል፤ ባለ አንድ ስቶፑ ይበቃል።

ሰው ከማንሳትዎ በፊት «ወንድሜ፣ ፎቶ ባነሳህ ቅር ይልሃል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ የቆመበትን ይመልከቱ። አድማሱ ሁልጊዜ በካሜራው ከፍታ ልክ ስለሚታይ ቁመቱ ከእርስዎ ጋር የሚተካከል ሰው ጭንቅላቱ አድማሱን ያልፋል፤ ፊልተሩም ፊቱን ያጠቁረዋል። ደረጃ ወይም ግንብ ላይ ወጥተው ቢያነሱ ጭንቅላቱ ከአድማሱ በታች ይውላል። ከፍ ያለ ቦታ ከሌለ ፊልተሩን ያውጡት፤ ከሰማዩ የሰው ፊት ይበልጣል።

በትራይፖድ ማንሳት

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ብርሃኑ ሲሳሳ የትራይፖድ ተራ ይመጣል። እግሮቹን የዳርቻው ጭቃ ውስጥ ተጭነው ያስገቡ። ያለ ፊልተር ፎቶውን ያቀናብሩ፤ ፎከስ አድርገው አውቶማቲክ ፎከሱን ያጥፉ፤ ይለኩ፤ ከዚያ ፊልተሩን በመያዣው ያስገቡ። የሌንሱን የንዝረት መከላከያ አጥፍተው በሁለት ሰከንድ ታይመር ያንሱ።

ተራራው አድማሱን ከሰበረው ሌላ ዘዴ አለ። ሹተሩ አሥር ሰከንድ ያህል ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ፊልተሩን ከመያዣው አውጥተው፣ ሌንሱን ሳይነኩ ፊቱ ላይ በእጅዎ ይዘው በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። መስመሩ ተበትኖ በተራራው ላይ ምልክት አይተውም።

የሬዚን ፊልተር በቀላሉ ይጫራል። አሸዋውን መጀመሪያ በንፋስ ማራገፊያ ያስወግዱ፤ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ይጥረጉና በየራሱ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡት።