የመዋኛ ገንዳ ውሃ ሲጎድል፦ የሚያፈስበትን አግኝቶ መድፈን

ገንዳ ጎደለ ማለት ሁሌ ያፈሳል ማለት አይደለም። ፀሐይና ንፋስ በበረታበት የበጋ ቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ውሃ በትነት ብቻ ሊሄድ ይችላል። 8 በ4 ሜትር በሆነ ገንዳ አንድ ሴንቲሜትር 320 ሊትር ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሴራሚክ ከማስነሳትዎ በፊት ይለኩ።

ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጨምረው የገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፤ አፉ ከውሃው በላይ ይቅር። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ይሙሉት፤ ከዚያ የባልዲውን ልክ ከውስጥ፣ የገንዳውን ከውጭ ያስምሩ። በራሱ የሚሞላ ቫልቭ ካለ ይዝጉት፤ ፓምፑን ያጥፉ፤ ለ24 ሰዓት ማንም አይግባ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ገንዳው ከበለጠ ያፈሳል። ዝናብ ከጣለ ከንጣፉ ላይ ወደ ገንዳው የሚወርድ ውሃ ስለሚያሳስት እንደገና ይጀምሩ።

ቀጥሎ ፓምፑን አብርተው ያንኑ ይድገሙት። ሲበራ የሚብስ ከሆነ ከፓምፕ ወደ ገንዳ የሚመልሰውን ቧንቧ ይጠርጥሩ፤ ግፊት ያለበት እሱ ነው። ሲጠፋ የሚብስ ከሆነ የመምጠጫው መስመር ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ በቀዳዳው አየር ይስባል፣ ሲቆም ውሃ ያፈሳል። በመመለሻው አፍ አረፋ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሁለቱም እኩል ከሆነ ግድግዳው፣ ስኪመሩ (ከውሃው ገጽ ላይ ቆሻሻ የሚስበው የግድግዳ አፍ) ወይም መብራቱ ጋ ይሂዱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፊልተሩ ቆሻሻ ማስወጫ ቱቦ ነው። ፓምፑ በማጣሪያ ላይ እየሠራ በዚያ ውሃ ከተንጠባጠበ የፊልተሩ ቫልቭ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ላስቲክ) ተበልቷል። እጀታውን ፓምፑ እየሠራ ማዞር ነው የሚያበላሸው። ጓርኒሲዮኑን መቀየር ከሁሉም ርካሹ ጥገና ስለሆነ መጀመሪያ ይህን ይዩ።

ፓምፑን አጥፍተው ውሃው የት ላይ መውረድ እንደሚያቆም ይከታተሉ። ስኪመሩ አፍ ሥር ከቆመ ስኪመሩ፣ መብራቱ ጋ ከቆመ መብራቱ ነው። ግን እስከ ታች ባዶ አያድርጉት፤ በተለይ በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ባዶ ገንዳን ከሥሩ ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል።

ትክክለኛዋን ነጥብ የሚያሳይዎ የምግብ ቀለም ነው። መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ቀይ ቀለም ይሙሉ፤ ውሃው ፍፁም ሲረጋ ከስንጥቁ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀው ጠብታ ጠብታ ይልቀቁ። ቀለሙ እንደ ክር ተስቦ ከገባ ቦታው እሱ ነው፤ እዚያው ደመና ሆኖ ከቆየ አይደለም። እጅዎን አያወዛውዙ።

ስኪመሩ ከኮንክሪቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር በብዛት ይለቃል፤ ፕላስቲክና ኮንክሪት በሙቀት እኩል አይለጠጡምና። አልጌውን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ባለሁለት ክፍል ኤፖክሲ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን በእርጥብ እጅ አሽተው ስንጥቁ ውስጥ ጠቅጥቀው ያስገቡ። ላዩን ብቻ የተቀባ ቶሎ ይላጣል። ሲሊኮን እዚህ አይበጅም።

መብራቱ ከሆነ አስቀድመው ብሬከሩን ያውርዱ። አምፖሉ ቤት ራሱ እምብዛም አያፈስም፤ ውሃው የሚሾልከው ኬብሉ ወደ ግድግዳው በሚገባበት ቱቦ ነው። ኤፖክሲውን በኬብሉ ዙሪያ ይድፈኑ።

የግድግዳ ስንጥቅ ግን በላይ በላዩ በመለሰን አይድንም። ውሃውን ከስንጥቁ በታች ያውርዱ፤ በመሮ 2 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይክፈቱት፤ አቧራውን አጥበው በፍጥነት በሚጠነክር የውሃ መድፈኛ ሲሚንቶ ይሙሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ እፍኝ እፍኝ ብቻ ያቡኩ። ተራ ሲሚንቶ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ዳር ዳሩን ይለቃል። ከደረቀ በኋላ ሴራሚኩንና ፉጋውን ይመልሱ።

የተቀበረ ቧንቧ ከተጠረጠረ ሁለቱንም ጫፍ በመድፈኛ ዘግተው በ1.4 ባር ገደማ ውሃ ይሙሉ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ከወረደ ያ መስመር ነው። ቆፍረው የተበላሸውን ቆርጠው በአዲስ ፒቪሲና መጋጠሚያ ይተኩ፤ ማስቲሹን ከቀቡ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላው ግፊት አይስጡት። ጉድጓዱን የባልዲው ሙከራ ካለፈ በኋላ ብቻ ይሙሉት።