ውኃው ሲበርድና ሲሞቅ ዓሣችሁን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ታኅሣሥ ሲገባ ጎጃም ሜጫ ያሉ ጎረቤቶቼ «ዓሣው መኖ እምቢ አለ፣ ምን አባቱ ነካው?» እያሉ ይመጣሉ። መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት የኩሬውን ውኃ ሙቀት ለኩ እላቸዋለሁ። ቴርሞሜትሩን ክንድ ያህል ወደ ታች አስገቡት፤ ላዩ ያታልላል።

ዓሣ የገላው ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው ዓሣ) ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል። ከ20 ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፤ 16 አካባቢ ጭራሽ ይተዋል። ወደ 10 ከተጠጋ ይሞታል። የእኛ አገር ብርድ ብዙ ጊዜ እስከዚያ አያደርስም፤ ግን ዓሣው በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ክንፉ ወይም ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ቅርፊቱ በመረብ የተላጠውን ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ በቁር ወራት ያለ በቂ ምክንያት መረብ አትጣሉ።

በጠዋት ብርድ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ መበተን ብር መበተን ነው። ያልተበላው ታች በስብሶ ውኃውን ይመርዛል። እኔ ፀሐይዋ ኩሬውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ትንሽ ትንሽ እሰጣለሁ።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጣጣው ኦክስጅን ነው። ባሕር ወለል ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ወደ 7.6 ይወርዳል። እኛ ደግሞ 1800 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለሆንን ከዚህም ያነሰ ነው የሚደርሰን። ዓሣው ግን ሲሞቀው የበለጠ ይፈልጋል። ኩሬው በጣም አረንጓዴ ከሆነ አልጌውም ሌሊቱን ሲሻማው ያድራል። ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃ አውጥተው አየር ሲጎርሱ ካያችሁ የዚያን ቀን መኖ የለም። ንጹሕ ውኃ ከላይ እየተንፏፏ ይግባ። «አምባዛዬ ደህና ነው» ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ፤ እሱ ከላይ አየር መተንፈስ ይችላል፣ ቆሮሶ አይችልም።

ኩሬ ገና የምትቆፍሩ ከአንድ ሜትር በላይ አጥልቁት፤ ጥልቅ ውኃ ቶሎ አይበርድም፣ ቶሎም አይሞቅም። ጮቄ ተራራ ሥር ያላችሁ የምንጩን ውኃ በቀጥታ አትልቀቁ፤ መጀመሪያ ጸሐይ የሚያገኘው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አቆዩት። የዓሣ ጫጩት ስታመጡም ፌስታሉን ሳትፈቱ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ከዚያ የኩሬውን ውኃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበትና ልቀቁ።