ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ስልኩ የማይገናኘው ለምንድን ነው? በታይም ስሎት ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለሬዲዮ ቴክኒሻኖች የተግባር ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ጂኤስኤም (የሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ስልክ ሥርዓት) የጠየቅሁት አዲስ ሰልጣኝ ሁሉ ማለት ይቻላል «ፍሪኩዌንሲውን ስምንት ሰው ይካፈለዋል» ብሎ ይመልስልኛል። የሚካፈሉት ግን ጊዜውን ነው። 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለውን ቻናል እያንዳንዱ ስልክ በተራው ሙሉውን ይዞ ለ577 ማይክሮሰከንድ ያህል ይልካል፤ ይህች ተራ ታይም ስሎት ወይም በአጭሩ ስሎት ትባላለች። ከዚያም ዝም ብሎ ከ4.615 ሚሊሰከንድ ፍሬም (የስምንቱ ስሎቶች አንድ ዙር) በኋላ ተራው እስኪመለስ ይጠብቃል።

ስምንት ስሎት አለ ማለት ስምንት ጥሪ ይስተናገዳል ማለትም አይደለም። በሴሉ (ማማው በሚሸፍነው አካባቢ) ዋና ቻናል ላይ ዜሮ ቁጥሩ ስሎት ለመቆጣጠሪያ መልእክት የተያዘ ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን ርቀትን መርሳት ነው፤ እኔም ከዚሁ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ፣ በክረምት፣ ከሸለቆ ማዶ ኮረብታ ላይ የሚኖሩ አንድ የቡና ገበሬ ስልካቸው ሲግናል ሙሉ እያሳየ ጥሪ እንደማይወጣላቸው አመለከቱ። አንቴናውን አዞርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ የማሰራጫውን ኃይል አስጨመርኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃ ስመላለስ ከርሜ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ብነግራቸው «ለመሆኑ ርቀቱን ለክተኸዋል?» አሉኝ። ካርታ ላይ ስናሰምረው ከ35 ኪሎሜትር አልፎ ተገኘ።

ሬዲዮ ሞገድ አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ 3.3 ማይክሮሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። ስልኩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ዘግይቶ በደረሰው የማማው ሲግናል ስለሆነ፣ መልሱም በመንገድ ላይ ስለሚዘገይ፣ መዘግየቱ እጥፍ ይሆናል። በተለመደው ስሎት መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ጊዜ 30 ማይክሮሰከንድ ብቻ በመሆኑ ሌላ ማስተካከያ ባይኖር ኖሮ ከአራት ኪሎሜትር ተኩል በላይ ያለ ስልክ የጎረቤቱን ስሎት ይረግጥ ነበር። ስለዚህ ማማው እያንዳንዱን ስልክ «ይህን ያህል ቀድመህ ላክ» ብሎ ያዘዋል፤ ይህ ታይሚንግ አድቫንስ የሚባለው ትእዛዝ ከ0 እስከ 63 የሚደርስ ሲሆን አንዱ እርከን 550 ሜትር ገደማ ነው። ከ63 በላይ ቁጥር ስለሌለ ከ35 ኪሎሜትር ግድም ወዲያ ያለ ስልክ፣ ሲግናሉ ሙሉ ቢሆንም፣ መልሱ በተራው አይደርስም። ኃይል መጨመር ሞገዱን አያፈጥነውም! የግድ ከሆነ ለአንድ ተጠቃሚ ሁለት ተከታታይ ስሎት የሚሰጥ የተራዘመ ሴል መጠቀም ይቻላል፤ ዋጋው ግን የሚስተናገደው ሰው በግማሽ መቀነሱ ነው።

የስልክን ኃይል በአማካይ መለኪያ ለክቶ «ተበላሽቷል» ማለትም የተለመደ ነው፤ በጥሪ ጊዜ ከስምንት ስሎት በአንዱ ብቻ ስለሚልክ 2 ዋት የሚያወጣው ስልክ ሩብ ዋት ገደማ ቢያሳይ ደንቡ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የምወደው ሰልጣኜ የሠራው ነው። መርካቶ አካባቢ አንዲት ቡና የምታፈላ እናት ቴፓቸው ድንገት «ድርርር» እያለ ቢያስቸግራቸው ሰልጣኜ ወዲያው ፈታታው። ጩኸቱ ግን በሰከንድ 217 ጊዜ እየበራ የሚጠፋው የስልካቸው ማሰራጫ ነበር። «እማማ፣ ስልኩን እስቲ ወዲያ ያርቁት» ብያቸው ከረከቦቱ ጎን ሲያስቀምጡት ድምፁ ጠፋ፤ የቴፑ ብሎኖች ግን ሳሩ ውስጥ ተበትነው ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ስንለቅም አመሸን።