የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ ትዕዛዝ በኤስኪውኤል እንዴት እናወጣለን?

ኤስኪውኤል ዳታቤዝን የምንጠይቅበት ቋንቋ ነው። ትዕዛዞች የሚባል ቴብል አለን እንበል። መለያ፣ ደንበኛ፣ ቀን፣ ዋጋ እና ሁኔታ የሚሉ ኮለሞች አሉት። የምንፈልገው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ የመጨረሻ ትዕዛዙን፣ ከነዋጋው ከነሁኔታው።

አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ግሩፕ ባይ ነው። በደንበኛ ሰብስቦ የቀኑን ማክስ (የመጨረሻውን ቀን) ይወስዳል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ጉዱ የሚመጣው ዋጋ ሲጨመር ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ወዲያው ኤረር ይላል። ሌላው ዳታቤዝ፣ የድሮው ማይኤስኪውኤል ግን፣ ከ5.7 በፊት በነበረው ሴቲንግ፣ ዝም ብሎ ያሳልፍና ከዚያ ደንበኛ ረድፎች ያገኘውን ዋጋ ይሰጣችኋል፤ ቀኑ የዛሬ፣ ዋጋው የአምና ሊሆን ይችላል። ኤረሩ በስንት ጣዕሙ! ዋጋውንም ማክስ ውስጥ ብትከቱት ትልቁን ዋጋ ታገኛላችሁ እንጂ የመጨረሻውን አታገኙም።

እኔ የምመርጠው ለረድፎች ተራ ቁጥር የሚሰጠውን ሮው ነምበርን ነው። መጀመሪያ ውስጠኛውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) ጻፉ፤ ሁሉንም ኮለም ሰሌክት አድርጉና ይህን ጨምሩበት፦

ሮው ነምበር () ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ ኦርደር ባይ ቀን ዲሴንዲንግ፣ መለያ ዲሴንዲንግ) አዝ ተራ

ፓርቲሽን ባይ ረድፎቹን በየደንበኛው ይለያል፣ ኦርደር ባይ አዲሱን ከላይ ያደርጋል፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል። ቀጥሎ ይህን ኩዌሪ በዊዝ (ስም ሰጥታችሁ እንደ ቴብል በምትጠቀሙበት) አስቀምጡትና ከውጭ «ዌር ተራ = 1» በሉ። ማጣሪያው ዌር የሚሠራው ተራ ቁጥሩ ከመሰጠቱ በፊት ስለሆነ እዚያው ውስጥ ልጻፈው ብትሉ አይሆንም።

መለያ ለምን ገባ? ሁለት ትዕዛዞች አንድ ዓይነት ቀን ካላቸው የትኛው 1 እንደሚሆን ዳታቤዙ እንደፈለገ ይመርጣል፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ሊያመጣ ይችላል። መለያው ይህን ይዘጋል። ቀኑ ባዶ የሆነ ረድፍ ካለም ተጠንቀቁ፦ ፖስትግሬስ በዲሴንዲንግ ጊዜ ነሎችን (ባዶዎቹን) ከላይ ነው የሚያደርጋቸው፣ ስለዚህ ከቀን ዲሴንዲንግ ቀጥሎ «ነልስ ላስት» ጨምሩ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የማጣሪያው ቦታ ነው። ሁኔታው «የተሰረዘ» የሚለውን ዌር ውስጠኛው ኩዌሪ ላይ ካደረጋችሁት የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ የተሰረዘ ትዕዛዝ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ያልተሰረዘ ትዕዛዝ ቢኖረውም። ከውጭ ካደረጋችሁት ደግሞ የሚወጡት የመጨረሻ ትዕዛዛቸው የተሰረዘባቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱም ያለምንም ኤረር ይሠራሉ፣ ስለዚህ ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ለዩ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ሮው ነምበር የመጣው በ8.0 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ከሆናችሁ የማክስ ቀኑን በሰብኩዌሪ አውጥታችሁ በደንበኛና በቀን መልሳችሁ ከትዕዛዞች ቴብል ጋር ጆይን አድርጉት (አያይዙት)፤ ቀን ከተመሳሰለ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ረድፍ ይመጣል። ቴብሉ ትልቅ ሆኖ ኩዌሪው ከተጎተተ ደግሞ በደንበኛና በቀን ላይ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ አንድ ኢንዴክስ (ፍለጋውን የሚያፋጥን ማውጫ) ሥሩለት።