ሳንስክሪትን ከባንዳርካር ጋር እንዴት እንጀምር?

የጥንቱን የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን መማር ካማራችሁ ከራምክሪሽና ጎፓል ባንዳርካር መጽሐፍ ጀምሩ። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1837 ሕንድ ማልቫን ተወልደው፣ ቦምቤይ ኤልፊንስተን ኮሌጅ ተምረው፣ ከ1893 እስከ 1895 የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ሆኑ፤ በዚያ ሥርዓት ዩኒቨርሲቲውን በተግባር የሚመራው ምክትል ቻንስለሩ ነው። እኔ የምወዳቸው ግን ለጀማሪ ብለው የመማሪያ መጽሐፍ ስለጻፉ ነው። ትልቅ ሊቅ ሆኖ ለጀማሪ መጻፍ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ሳንስክሪት የሚጻፍበትን የዴቫናጋሪን ፊደል ልመዱ። ሀሁ ለቆጠረ ሰው አይከብድም፤ እንደኛው ከ፣ ኩ፣ ኪ አናባቢው ፊደሉ ላይ ይቀጠላል። አንድ ነገር ብቻ ያደናግራል፦ የአጭሯ ‹ኢ› ምልክት ከፊደሉ በፊት ትጻፋለች፣ ከኋላው ትነበባለች።

ከዚያ ግሱን ጮክ ብላችሁ አርቡ። ገቻሚ፣ እሄዳለሁ። ገቻቫህ፣ ሁለታችን እንሄዳለን። ገቻማህ፣ ሦስትም ከዚያ በላይም ሆነን እንሄዳለን። ለሁለት ሰው የራሱ እርባታ አለው፣ እዚህ ጋ በፍጹም አትቸኩሉ።

መልመጃዎቹን በእጃችሁ ጻፉ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አጠገባችሁ ደብተር ይኑር፣ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም በአማርኛ አስፍሩ። ሲገፋ ደግሞ በ1917 ፑኔ ላይ በስማቸው የተመሠረተው ተቋም ያዘጋጀውን፣ በ1966 የተጠናቀቀውን የማሃባራታ፣ የጥንቱ ረጅም የሕንድ የጀግንነት ግጥም፣ እትም ትከፍታላችሁ።